የሴኮንዶ የመጀመሪያ ብርድ

በእኛ በአርጀንቲና ሜዳ ስንዴ ለማጨድ ከጣልያን የሚመጡትን ሰዎች «ወፎቹ» እንላቸው ነበር። ነገሩን ሳስበው ዛሬም ይገርመኛል፦ እዚያ ብርድ ሲሆን እዚህ ሙቀት ነው። ስለዚህ ታኅሣሥና ጥር የእኛን ስንዴ ያጭዳሉ፤ መጋቢት ላይ በመርከብ ተመልሰው ሰኔ የራሳቸውን ያጭዳሉ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሴኮንዶ እንዲህ ሲመላለስ ስንት ዓመት ብርድ ሳያይ ኖረ! ካፖርት እንኳ አልነበረውም።

የሚያርፈው ባሏ የሞተባት አክስቴ ዶሚቲላ ቤት ነበር። አግቢኝ ሲላት መልሷ አንድ ነው።

«ወፍ አላገባም። ግቢዬ ውስጥ ወይን ትከል፤ የጸደቀ ቀን እሺ እልሃለሁ።»

ብልጠቷ እዚህ ላይ ነው። የወይን ቅርንጫፍ የሚተከለው ግንዱ ቅጠሉን አራግፎ፣ በብርድ ተኝቶ ሳለ ነው። እኛ ዘንድ ይህ ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ ደግሞ ሴኮንዶ ባሕር ማዶ ነው። እሱም ይህን አያጣውም፤ ግን ዕድሉን ይሞክራል። በየዓመቱ ጥር ላይ ከጎረቤት ግንድ ለምለሙን ቆርጦ ይተክላል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይደርቃል።

«ዘንድሮም ማገዶ ተከልክልኝ?» ትለዋለች አክስቴ።

«ማገዶም ቢሆን ያሞቅሻል።»

በአንዱ መጋቢት ወደ ባቡር የሚወስደው ጋሪ ደጃፍ ቆመ። ጓደኞቹ ተሳፈሩ። ሴኮንዶ ጓዙን እንደታቀፈ ቆሞ ቀረ።

«ና እንጂ፣ መርከቡ አንተን አይጠብቅም!» አለው ባለጋሪው።

ሴኮንዶ ወደ አክስቴ ዞረ። «ዶሚቲላ፣ የሟች ባልሽ ካፖርት አለ?»

አክስቴ ገብታ ካፖርቱን አመጣች፤ ጋሪው ያለ ሴኮንዶ ሄደ።

ሐምሌ ላይ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ የተኛውን ቅርንጫፍ ተከለ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። ጠዋት ሁላችንም ሮጠን የምናየው ያንን ደረቅ እንጨት ነበር። ነሐሴ አለቀ፤ እንጨቱ ያው እንጨት ነው። አክስቴ ማሾፉን ተወች፤ ከእሱ ይልቅ እሷ መፍራት ጀመረች መሰለኝ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሴኮንዶ ከግቢው ጠራት። እንጨቱ ላይ ሽምብራ የምታህል አረንጓዴ እምቡጥ ወጥታለች። አክስቴ በርከክ ብላ በጣቷ ጫፍ ነካቻት።

«አንዲት ብቻ ናት» አለች።

«ሁለት ነው እንዴ ያልሽኝ?»

«በል ሂድና ቄሱን ጥራ» አለችው እየሳቀች። «መጀመሪያ ግን ያንን ካፖርት አውልቅ። የእሱን ለብሰህ እኔን አታገባም።»