ኮሰረት የሸተተ ምስክርነት

ባለፈው ቅዳሜ የእናቴን ቁም ሳጥን ሳስተካክል አንድ ወፍራም ማህደር እግሬ ላይ ወደቀ። ገና ሳልከፍተው ሽታው ቀደመኝ። ኮሰረት! ይህን ያህል ዓመት ላስቲክ ውስጥ የኖረ ወረቀት ኮሰረት ይሸታል ብልሽ አታምኚኝ ይሆናል፤ ግን ይሸታል። ውስጡ ያለው ደብዳቤ የተጻፈው ሲያትል፣ ሬኒየር ቫሊ ሰፈር ባለ አንድ የሐበሻ ሱቅ ባንኮኒ ላይ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ከረጢቶች መሀል ነው። ጸሐፊው የባለሱቁ አባት ነበሩ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች ሲኮራረፍ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ነገሩ ሲጀመር አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ከሲያትል አጠገብ ሬንተን ነው። አባቴ በዲቪ መጥቶ፣ ጥቂት ዓመት ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን ከርሞ፣ የአሜሪካ ወታደር ሆነ። እናቴ ግን ወረቀት አልነበራትም። በደቡብ አሜሪካ በኩል ጫካውን በእግሯ አቋርጣ፣ ድንበሩን ማንም ሳያያት ነበር የተሻገረችው። ሲያትል ውስጥ ተዋውቀው ተጋቡ፣ እኔን ወለዱ። ሰው ሁሉ “የወታደር ሚስት ሆና ደግሞ የምን ወረቀት!” ይላል። አልገባቸውም እንጂ የባሏ ዩኒፎርም እሷ የገባችበትን መንገድ አይለውጠውም።

ከቤታችን አንድ ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ተነድቶ የሚደረስበትን የአባቴን ካምፕ በር እናቴ አልፋ አታውቅም። በሩ ላይ ያሉት ጠባቂዎች መታወቂያ ይጠይቃሉ፤ የሷ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ለዚያ አይበቃም። ለሚስቶች የሚሰጠውን መታወቂያ እንዳትጠይቅ፣ ፎርም መሙላት ራስን በገዛ እጅ ማስያዝ መስሎ ይታያት ነበር። ስለዚህ አባቴ ዘጠኝ ወር ባሕር ማዶ ቆይቶ የተመለሰ ቀን እኔ ከጓደኛው ሚስት ጋር ገባሁ። የአቀባበሉ አዳራሽ የተወለወለ ወለልና ፋንዲሻ ይሸት ነበር። ወታደሮቹ ሲገቡ ሚስቶች ጮኹ፤ አንዷማ ጫማዋን ጥላ ሮጠች። አባቴ እኔን አቅፎ፣ ዓይኑ ግን በጭንቅላቴ ላይ አልፎ በሩን ያያል።

“ማሚስ?”

“ከካምፑ ውጭ፣ ጋዝ ስቴሽኑ ጋ ፓርክ አድርጋ እየጠበቀችን ነው።”

ምክንያቱን ከኔ በላይ ያውቀዋል። ቢሆንም ከፋው። ሰው ሲደክመው የሚያውቀው ነገርም ያስከፋዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ሆነ። በአራተኛው ቀን እናቴ ልብሷን በሻንጣ ከታ ሲያትል ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ሄደች። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቡትስ ጫማውን ያያል። እኔ ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት ገባሁና አባባ ጋ ደወልኩ። “አባባ፣ ማሚ ሄደች” ብዬ ዘጋሁት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባባ እናቴን ይዘዋት መጡ። እኔን “አንቺ ክፍልሽ ግቢ” አሉኝ። ገባሁ፤ በሩን ግን አልዘጋሁትም።

“ሰው ሁሉ ሚስቱን ሲያቅፍ እኔ ሻንጣዬን አቅፌ ቆምኩ፣ አባባ!” አለ አባቴ።

“በሩ ላይ ቢይዙኝስ?” አለች እናቴ። “አንተን ልቀበል መጥቼ ልጅህን ያለ እናት ላስቀራት?”

ከዚያ ሰምቼው የማላውቅ ድምፅ ሰማሁ፤ አባቴ እያለቀሰ ነበር። አባባ “በሉ እንግዲህ” አሉ። “ይቅር ለእግዚአብሔር” ተባባሉና ምሳ ቀረበ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ ያነሳ የለም። በኛ ወግ የታረቁበት ነገር ይቀበራል።

በዓመቱ አባቴ እንደገና እንዲዘምት ትእዛዝ መጣ። ያን ጊዜ ነው እናቴ ቆርጣ የተነሳችው። ጠበቃ አገኘች። ለወታደር ቤተሰብ ከአገር ሳይወጡ፣ እዚሁ ሆነው እንዲያመለክቱ የሚፈቀድበት መንገድ አለ አለችን ጠበቃዋ፤ ነገር ግን ጋብቻው የእውነት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች መመስከር አለባቸው። ጥያቄው ውድቅ ከተደረገ ደግሞ ስማችንና አድራሻችን መንግሥት እጅ ገብቷል። አባቴ ባሕር ማዶ ሳለ እናቴን ቢወስዷት እኔ ከማን ጋር እንደምቀር ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ማታ ማታ እኔ ብቻ አስበው ነበር።

አባባ ወዲያው ጻፉ። “እነዚህ ባልና ሚስት ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ፍቅራቸው ለአገር ምሳሌ ነው” ይላል፤ ከላይ እስከ ታች እንደዚያ። ለጠበቃዋ ተረጎምኩላት።

“ይሄ ስለማንም ሊጻፍ ይችላል” አለችኝ። “ሰውዬው በዓይናቸው ያዩት አንድም ነገር የለም?”

ምን እንዳዩማ እኔ አውቃለሁ።

ከእናቴ ጋር በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድን። ዝናብ ነበር፤ ጃኬታችን ውሃ እያንጠባጠበ ባንኮኒው ፊት ቆምን።

“ሎየሯ፣ ያዩትን ይጻፉ ነው የምትለው፣ አባባ” አልኳቸው።

“ያየሁትንማ አልጽፍም” አሉ። “ስንት ቤት ገብቼ ያየሁትን እዚያው ትቼ ወጥቻለሁ። አሁን በስተርጅና የሰው ገመና ለመንግሥት ላቀብል?”

“የሰው አይደለም፤ የኔ ነው።” እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትደበቅ የኖረች ሴት ናት፤ ድምፅዋ እንደዚያ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። “አንቱ ራስዎ ካልደፈረሰ አይጠራም ይሉ የለ? መደፍረሱንም መጥራቱንም ይጻፉት። ፈርቼ ከበሩ መቅረቴን፣ ጥዬው መሄዴን፣ እሱም ማልቀሱን። ከአሁን ወዲያ አልደበቅም።”

“ባልሽስ? ወታደር አይደለም እንዴ? አለቀሰ ብዬ ልጻፍበት?”

እናቴ ስልኳን አውጥታ ለአባቴ ደወለችና ሰጠቻቸው። “ይጻፉ፣ አባባ” ሲል ለኔም ተሰማኝ። አባባ ስልኩን መልሰው፣ የኮሰረቱን ከረጢት ገፋ አድርገው፣ መነጽራቸውን ጠረጉ። ሚጥሚጣ ልትገዛ የገባች ሴትዮ “ትንሽ ታገሽኝ፣ ልጄ” ተብላ ቆመች። ሁለት ገጽ ሙሉ እስኪጽፉ ጠበቀች።

ያን ደብዳቤ እቤት ቁጭ ብዬ ቃል በቃል ተረጎምኩት። መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት አንቀጽ ብቻ ዘለልኳት። ለመሥሪያ ቤቱ ምን ትጠቅመዋለች ብዬ ነው፤ ለራሴም ያልኩት እንደዚያ ነበር።

አባቴ ዘመተ። እኛም ጠበቅን። እናቴ በየቀኑ የፖስታ ሳጥኑን ከፍታ ታያለች፣ እኔ ፊቷን አያለሁ። ፈቃዱ የመጣ ቀን ወረቀቱን እጄ ላይ አድርጋ “አንብቢልኝ” አለች፤ አነበብኩላት፤ “ድገሚው” አለች። በማግስቱ የሚስት መታወቂያዋን ልትጠይቅ ሄደች።

አባቴ ሲመለስ መኪናውን የነዳችው እሷ ናት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች። ጋዝ ስቴሽኑን አልፈን በሩ ላይ ደረስን። ጠባቂው መታወቂያዋን አገላብጦ አይቶ፣ እንኳን ደህና መጡ ብሎ መለሰላት። በቃ፣ ይኸው ነው። እሷ ግን መሪውን እንደጨበጠች ቀረች፤ ከኋላችን ክላክስ ተነፋ።

“ማሚ፣ ጎ! ጎ!” አልኳት።

አዳራሹ ውስጥ አባቴ ሲያያት ሻንጣውን ለቀቀው። የቀረውን አልነግርሽም፤ እኔም ዓይኔን እንባ ስለሞላው በደንብ አላየሁም።

አባባ ባለፈው ዓመት አረፉ። የቀብራቸው ቀን ሱቁ ተዘግቶ፣ ያስታረቋቸው ባልና ሚስቶች ብቻ ቤተ ክርስቲያኑን ሞሉት። ያን ማህደር ቅዳሜ ስከፍተው የፈለግሁት ሌላ ነገር አልነበረም፤ የዘለልኳትን ነው። እንዲህ ትላለች፦ “ባልና ሚስቱን አስታርቄ ወጣሁ። ልጅቷ ግን በሩ ጥግ ቆማ ሁሉን ሰምታለች፤ አይቻታለሁ። ደውላ የጠራችኝም እሷ ናት። ምን ሆንሽ ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ይህ ጥፋቴ ነው።”

እናቴ ገመናዋን በገዛ ፈቃዷ ስታወጣ እኔ የራሴን ደበቅሁ። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እንዲታዘንልኝ አልፈለግሁም። አሁን ይቅር ለእግዚአብሔር የምላቸው አባባ የሉም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ያቺን አንቀጽ በእርሳስ ከሥሯ ተረጎምኳት፤ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

እናቴ ከታች ስትጠራኝ ቆይታ መልስ ስታጣ ደረጃውን ወጥታ መጣች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

“ምን ሆንሽ?” አለችኝ።

“ምንም” ልላት ነበር። ግን ተውኩት፤ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅሁላትና አጠገቤ ተቀመጠች።