መምሬ ፈንታ የአውስትራሊያ ወይን የቀመሱ ዕለት

ባለፈው እሑድ ልጄን የሚፈልጋት ወጣት ከአዲስ አበባ ሰቆጣ ድረስ መጥቶ ቤታችን ገባ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ፊቱን ሊያሳየን ነው። ለእኔ ብሎ አንድ ጠርሙስ የአውስትራሊያ ነጭ ወይን በጋዜጣ ጠቅልሎ አምጥቷል። ጠርሙሱ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ፣ በአውቶቡስ ጣራ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ነው የመጣው። ስከፍተው ሽታው አፍንጫዬን ኮረኮረኝና ገና ሳልቀምሰው መምሬ ፈንታ ትዝ አሉኝ። ዞር ብዬ ባለቤቴን ዝናሽን ባያት፣ እሷም በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቃለች።

መምሬ ፈንታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዝናሽ አባት ነበሩ። ያኔ እኔ አበርገሌ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍር ድርጅት አስተርጓሚ ነበርኩ። አለቃዬ ግሬግ የሚባል አውስትራሊያዊ ነው፤ ሰቆጣ ላይ የተከራየው ቤት ደግሞ የመምሬ ነው። ስሙ አላጠግብ ብሏቸው መምሬ «ጎርጎርዮስ» ይሉታል። እኔ የኪራይ ጉዳይ ላስተረጉም ስመላለስ ዝናሽን አየሁ። ከዚያ ወዲያ ግሬግ የማያውቀው አቤቱታ በዛ። በሩ አልዘጋ አለ፣ መስኮቱ ነፋስ ያስገባል፣ ጣራው ያፈሳል እያልኩ መመላለስ ጀመርኩ። ጣራው ያፈሳል ያልኩት በጥር ወር ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። መምሬ የመለሱት መልስ ግን ወገቤን ቆረጠኝ።

«ልጁ ክፋት የለውም። ግን አፉን እስካሁን አልሰማሁትም። ወደኔ ሲመጣ ግሬግ እንዲህ አለ ይላል፤ ወደዚያ ሲሄድ መምሬ እንዲህ አሉ ይላል። እሱ ራሱ ምን ይላል? የራሱን ነገር ሲናገር ሳልሰማ ልጄን አልሰጥም።»

እውነት ለመናገር በጣም አዘንኩ። ግሬግ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሊመለስ ነው፤ እሱ ከሄደ ያንን ደጅ በምን ሰበብ እንደምረግጥ ጠፋኝ።

ግሬግ ሊሰናበት ሲል፣ ፋሲካ አልፎ ጾም በሌለበት በዚያ ደስ በሚለው ወቅት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መምሬን ጋበዘ። የአበርገሌ ፍየል ተጠብሷል፤ የዝናሽ እናት ጠላ ልከዋል፤ ዝናሽም ልታስተናግድ መጥታለች። የግሬግ አባት ለካ አገራቸው ወይን ተክለው የሚጠምቁ ሰው ናቸው። ቀይም ነጭም ልከውለት፣ ጠርሙሶቹ አበርገሌ፣ ኒሯቅ ባለው ካምፓችን በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከርመዋል። ኒሯቅ ደግሞ ጥላው ራሱ ጥላ የሚፈልግ አገር ነው። «ቀምሰው ይፍረዱልኝ፤ ፍርዱን ለአባቴ እነግራለሁ» አለ ግሬግ።

ከቀዩ ተጀመረ። ግሬግ ቀድቶ ራሱ ቀድሞ ሲቀምስ መምሬ ደስ አላቸው። እኛ ዘንድ ጋባዥ ቀድሞ የሚቀምሰው መጠጡ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው። «አየህ፣ ወጋችንን ለምዷል» አሉኝ። ግሬግ ብርጭቆውን አዟዟረ፣ አሸተተ፣ ተጉመጠመጠና ባልዲ ውስጥ እንትፍ አለው።

ዝናሽ ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቀጥ አለች። መምሬ አማተቡ።

«ምን አግኝቶበት ነው?»

«እንዳይሰክር ነው አባ። ቀማሽ ከዋጠ ፍርዱ ይዛባል ይላሉ።»

«እኔ ዛሬ ቀድሼ፣ ቆርቤ ነው የመጣሁ። አልተፋም» አሉ። ሥጋ ወደሙን የተቀበለ ሰው በዚያ ቀን ምራቁን እንኳ አይተፋም። ቀጥለው ግሬግ የቀዳላቸውን፣ ብርጭቆው ሥር ያለችውን ጠብታ አዩና «ይሄ የዓይን መድኃኒት ነው?» አሉ። ጠጡት። «ደግ ነው። ምላስ ያዝ ያደርጋል። ጌሾ ሳይገባበት እንዲህ መሆኑ ይደንቃል።» ስተረጉምለት ግሬግ ፈካ።

ነጩ የአባቱ ኩራት ነው አለና ለክብር መምሬ እንዲቀድሙ አደረገ። መምሬ ተጎነጩ። ፊታቸው ቀስ ብሎ ተሰበሰበ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ባልዲውን አዩ፣ ሰማዩን አዩ፣ ዋጡት።

«ይሄ ኮምጣጤ ነው። ምስር ላይ ብታፈሱት ይሻላል።»

ግሬግ እንደ ተማሪ ውጤቱን ይጠብቃል። የአባቱን ሥራ እንዴት ኮምጣጤ ልበለው? በእንግሊዝኛ «እንዲህ ያለ ነገር ቀምሰው አያውቁም» አልኩት። በደስታ ለራሱ እንኳ ሳይቀዳ የመምሬን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላው።

«ምን አልከው?» አሉ መምሬ።

«ያሉትን ነው አባ።»

«ያልኩትን ብትለው ይሞላልኝ ነበር?»

የሰው ግብዣ አይገፋምና እየተንገፈገፉ አጋመሱት። «አንድ ጠብታ አልጨምርም በለው!» አሉ። እኔም «የሚሉት ጠፍቷቸዋል» አልኩት። ግሬግ ጠርሙሱን አነሳ። ያን ጊዜ መምሬ ብርጭቆውን በመዳፋቸው ከድነው ወደኔ ገፉት።

«እንካ፣ ጠጣ። የኔን ተው፤ የሱንም ተው። አንተ ምን ትላለህ?»

ጠጣሁ። ጉሮሮዬ የተላጠ መሰለኝ። ባልዲው እግሬ ሥር ነው፤ ዝናሽ ፊት ለፊቴ ቆማለች። ዋጥሁት።

«ኮምጣጤ ነው» አልኩ። ወደ ግሬግም ዞሬ በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። «መምሬ ስላሉ አይደለም፤ እኔ ነኝ የምልህ» አልኩት።

ግሬግ ለራሱ ቀድቶ አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ባልዲው ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ ተፋው። ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ይሄ የአባቴ ሥራ አይደለም፤ የኒሯቅ ፀሐይ ሥራ ነው!» አለ።

መምሬ ትርጉም አልጠበቁም። «ዛሬ ገና አፍህን ሰማሁት» አሉኝ። «ሽማግሌዎቹን መልሰህ ላካቸው።»

ግሬግ «ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ገና ሳልተረጉምለት፣ ዝናሽ ማስታጠቢያውን ጥላ ወደ ጓዳ ስትሮጥ ሲያይ ገባው።

ለዚህ ለእሑዱ ወጣትም ቀዳሁለት። ተጎነጨ፤ ፊቱ ቀስ ብሎ ሲሰበሰብ አየሁት።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«ግሩም ነው ጋሼ» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ወደድኩት። እኔን ላለማስከፋት ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በዚያ ዕድሜዬ እኔም ያው ነበርኩ። ነገር ግን ልጄ ከዚህ ሰው ጋር ዕድሜ ልኳን ልትኖር ነው፤ የከፋውን ነገር ከፋኝ ማለት ካልቻለ ምን ሊሆኑ ነው? መምሬ ያኔ የጨነቃቸው ጭንቀት አሁን እኔን ያዘኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች። ዝናሽ ጠርሙሱን አንስታ አቀበለችኝ።

ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላሁለት።