ዲንቄ ካልሄደች

ሰፈሩ ወሬኛ ይለኛል። ይበለኝ፤ እኔ ነገሩ እስኪገባኝ ነው የምጠይቀው። ኮተቤ ሱቄ በር ላይ ተቀምጬ ለዓመታት ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሠራተኛ ፍለጋ የሚመጣው በዳዳ፣ ያን ሁሉ ጉልበተኛ ወንድ አልፎ መጀመሪያ የጎረቤቴን የዲንቄን ደጅ የሚጠናው ለምንድን ነው?

አንድ ቀን ጠየቅኳት።

"ወጥ ሠሪያቸው ስለሆንኩ ነዋ!" አለች እየሳቀች። "አጫጆቹ ባለ እርሻውን የት ያውቁታል? የሚያውቁት የሚያበላቸውን ሰው ነው። እኔ የወጣሁበት መኪና ላይ ይወጣሉ፤ እኔ ከቀረሁ ይቀራሉ።"

ዲንቄ ዓመቱን ሙሉ ሲ.ኤም.ሲ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች፤ መስቀል ሲያልፍ ቆላ ትወርዳለች። የት ነው የምትተኙት አልኳት። ላስቲክ ወጥረን መሬት ላይ፣ አለች። አጎበርስ? ሳቀችብኝ። ውሃስ ስላት ግን ሳቋ ጠፋ።

ውሃው ከሩቅ በበርሜል ነው የሚመጣላቸው። አምና የመጣው በርሜል የአረም መድኃኒት የነበረበት ነው። ታጥቧል አሏት፣ አመነች። ከዚያ ውሃ የጠጡት ሁሉ ሲያስመልሳቸው ሰነበተ። ሌሎቹ ዳኑ፤ ወንድሟ ሌንጮ ግን እዚያው ቆላ ተቀበረ።

"ታዲያ ዘንድሮም ልትሄጂ ነው?"

"በልብስ አጠባ ብቻ ልጆቼን በምን ላሳድር? በዳዳ አዲስ በርሜል ገዝተናል ብሎ ምሏል።"

የሚሄዱበት ቀን ማለዳ ሱቄን ትቼ ወጣሁ፤ ማየት ነበረብኝ። አይሱዙው ኮተቤ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ላዩ ላይ ውሃ የሞላ ሰማያዊ በርሜል አለ። አጫጆቹ ጓዛቸውን ይዘው ዲንቄን ይጠብቃሉ። እሷ እንደደረሰች ክዳኑን አስከፍታ በኩባያ ቀዳችና ለበዳዳ ሰጠችው።

"እስቲ ቅመስልኝ።"

"እትዬ ዲንቄ፣ አዲስ ነው አልኩዎት እኮ!"

"አዲስ ከሆነ ምን ቸገረህ? ፉት በል።"

በዳዳ ኩባያውን ተቀበለ። ውሃውን አየ፣ እኛን አየ። ወደ አፉ አስጠግቶ መለሰው።

"አሁን አልጠማኝም" አለ።

"ሌንጮ ግን ጠምቶት ነበር" አለችው። ጓዟን አንሥታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። አጫጆቹም አንድ በአንድ ማጭዳቸውን እንደያዙ ተከተሏት።