የሰዓዳ ሕልም

ልጅ ሳለሁ፣ ጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር በነበረው ግቢያችን፣ ተረት ማለት ፊልም ነበር። ስለ ጦጣና አንበሳ የሚያወራልን አልነበረንም፤ የነበሩን ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው ናቸው። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ፈረንሳይኛውን የሚያንበለብሉት ሽማግሌ ነበሩ። ያኔ በሐምሌ ሙቀት መብራት ሲጠፋ ፋኖስ ይሰቀላል፤ እናቴ የሰው ሸሚዝ በከሰል ካውያ እየተኮሰች፣ ፍሙ በካውያው ቀዳዳ ቦግ እልም እያለ፣ ጭሱ ላባችን ላይ እየተጣበቀ፣ እሳቸው በወጣትነታቸው ያዩትን አንድ አስፈሪ ፊልም ይተርኩልን ነበር። ወጣቶች ሰው የማይኖርባት ደሴት ላይ ለሽርሽር ይወርዳሉ። የተኛውን ሁሉ በሕልሙ ባለ ቢላ ሰው ያሳድደዋል፤ በሕልሙ የተወጋ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። እኔም ያቺ ደሴት ሰማዩ ሲጠራ ከባሕሩ ዳር የምናያት ጠፍጣፋ መሬት ናት ብዬ አምኜ ነበር።

ያን ክረምት ሰዓዳ እኛ ዘንድ ነበረች። ከወሎ በእግሯ መጥታ ወደ የመን የሚያሻግራትን ጀልባ የምትጠብቅ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት። እናቴን በሥራ ታግዛለች፣ የእኔን ፀጉር ትሠራለች። እናቴ እዚሁ እንድትቀር ብትለምናት አንድ ቀን እሄዳለሁ፣ አንድ ቀን ፈራሁ ትላለች። እኔ እንድትቀር አጥብቄ እመኝ ነበር፤ እህት አልነበረኝማ።

የጀልባው ደላላ በቀጠረላት ቀን ዋዜማ ጠዋት፣ ገና ከፍራሿ ሳትነሳ ሕልሟን ለእኔ ነገረችኝ። ባሕሩ ደርቆ በአሸዋው ላይ ስትሄድ ስትሄድ ደክሟት ተኛች። በእኛ ዘንድ ሕልም እንደ ፈቺው ነው፤ ለክፉ አፍ አይነገርም፣ የሰማውም ለደግ ይፈታል። እኔ ይህን መች አውቄ! ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ፊልሙ ብቻ ነበር።

«ከተኛሽማ አትመለሺም» አልኳት።

እናቴ ሰምታ አፌን በመዳፏ መታችኝና ሰዓዳን እየጎተተች ጋሽ በላቸው ዘንድ ወሰደቻት። እኔም እያለቀስኩ ተከተልኳቸው። ጋሽ በላቸው ሕልም ሲነገራቸው ሁልጊዜ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ በደግ ፈቱላት፤ ደረቅ ባሕር ያየ መንገዱ ይቀናዋል፣ እንቅልፉም እረፍት ነው አሏት። ሰዓዳ ወዲያው አልወጣችም። ሌላ ነገር እንዲጨምሩ የምትጠብቅ ይመስል ፊታቸውን ስታይ ቆየች። ከዚያ አሚን ብላ ወጣች፤ በማግስቱም ጀልባው ወደሚነሳበት ወደ ኦቦክ ሄደች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አብሯት የተሳፈረ ልጅ መጣ። ጀልባው ተገልብጦ እሱ ዋኝቶ ወጥቷል። ሰዓዳ ዋና አታውቅም ነበር። ይህን ሲነግረን እናቴ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ረሳችው፤ የተቃጠለው ጨርቅ እስኪሸተን ማንም አላነሳውም።

እኔ የገደልኳት ራሴ መሰለኝ። ሕልሙን ቀድሜ የፈታሁት እኔ ነኛ! ለማንም ሳልናገር፣ እንቅልፍ እየፈራሁ ከሳሁ። በመጨረሻ ጋሽ በላቸው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸውም፣

«አንቺ የመሰለሽን ነው የተናገርሽው» አሉኝ። «ልጅቷ ወደኔ የመጣችው ቅሪ እንድላት ነበር። ገብቶኝ ነበር፣ ልጄ። ገብቶኝ ሳለ መንገድሽ ይቀናል አልኳት።»

ከዚያ ወዲህ ፊልም ተርከውልን አያውቁም። ስንለምናቸው ረሳሁት ይሉን ነበር፤ እንዳልረሱት እኔ አውቃለሁ።

ዛሬም ወደ ባሕሩ የሚያልፉ ልጆች በሬን ያንኳኳሉ። ጥቂት ሰንብተው ሲላመዱኝ ሕልማቸውን ይነግሩኛል፣ በደግ እንድፈታላቸው። እኔ መፍታት ትቻለሁ። «‹ልሂድ› ነው የምትዪኝ ወይስ ‹ከልክዪኝ›?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ይሄዳሉ። ባለፈው ዓመት ግን አንዷ ደጃፌ ላይ ቆማ ብዙ አለቀሰችና ልብሷን የያዘችበትን ፌስታል መሬት አስቀመጠች።