በተሰበረው ስክሪን የሚታይ በር

ጠዋት ስልክሽ ከእጅሽ አምልጦ ሲወድቅ፣ ማዕዘኑ ላይ የቀለም ጠብታ የመሰለ ጥቁር ነገር ጣለበት። «ይሰፋል» አልኩሽ፤ ሳቅሽ። ከሥራ ስንወጣ ጥቁሩ የሰዓቱን ቁጥር ሸፍኖት ነበርና፣ እንዴት እንዳወቅሁ ጠየቅሽኝ። እንዲህ ያለው ጥቁር ሲሰፋ ቁጭ ብዬ አይቼ አውቃለሁ። ቀጨኔ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ በወላጆቼ ቤት።

ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለ አንድ ክፍል ነበር፤ በሩ ቆርቆሮ፣ ክረምት ሲመጣ ጣሪያው ከሰው ድምፅ በላይ የሚጮህ። አባቴ በያጅ ነበር። ሲገባ የተቃጠለ ብረት ይሸታል፤ ዓይኖቹ ሁልጊዜ ቀይ ናቸው፤ እጁ ከአፉ ይቀድማል። እናቴን አይመታም ነበር፤ ይህንንም እንደ ደግነት እንቆጥርለት ነበር። የሚመታው እኛን ነው፤ ከሁለታችን ደግሞ ወንድሜን።

ወንድሜ በዕድሜ ያንሰኛል፤ በትምህርት ግን ይቀድመኝ ነበር። እኔ ገጠር ዘመድ ዘንድ ቆይቼ ፊደል የቆጠርኩት ለአቅመ ሔዋን ስቃረብ ነው። ክፍል ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ረጅም ልጅ ነበርኩ፤ እሱም በዚህ የተነሣ «እሜቴ» ይለኝ ነበር። ዘግይቶ ማንበብ የጀመረ ሰው ግን፣ አየሽ፣ ቃል አይዘልም። እኔ የሳሙና መጠቅለያ እንኳ እስከ ግርጌው ሳልጨርስ አልጥልም ነበር።

አባቴ ቤት ውስጥ የሚያደርገውን ወንድሜ ውጭ ይደግመው ነበር። ከታች ሰፈር ልጆች ጋር በድንጋይ ይፈነካከታል፤ ቅንድቡ ተሰፍቶ ሳይሽር ሌላ ጠብ ያነሣል፤ ኪሱ ውስጥ የብስክሌት ሰንሰለት ይዞ ይዞራል። አንድ ቀን ሸሚዙ በደም ርሶ ገባ። እናቴ እሪ ስትል፣ «አታልቅሺ፣ የኔ አይደለም» አላት። ማጽናናቱ ነበር።

ቤት መዋል የጀመረው አጎታችን «ለትምህርታችሁ» ብሎ አሮጌ ላፕቶፕ ከሰጠን በኋላ ነው። ጓደኛው በፍላሽ የገለበጠለትን የተኩስ ጌም ጫነበት፤ ሰንሰለቱም ምስማር ላይ ተሰቀለ። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ልጅሽ እኮ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገድል ነው የሚውለው» አለቻት እናቴን።

«ይግደል» አለች እናቴ ልብስ እያጠበች። «እዚያው ይግደል!»

እናቴና እኔ የምንፈራው አንድ ነገር ነበር። የወንድሜ ትከሻ ሰፍቷል፤ ሲመታ ማልቀስ አቁሟል። እጁን አባቴ ላይ የሚያነሣበት ቀን እንዳይመጣ ነበር ፍርሃታችን። ጌሙ ያንን ቀን የሚያስቀርልን ይመስለን ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ገብቶ ከበሩ ላይ ጠራው። ወንድሜ የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ስለነበር አልሰማም። ደግሞ ጠራው። «አንተ ደነዝ! ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው?» አለና ቡጢውን ሰነዘረ። ወንድሜ እንዴት እንደታወቀው እንጃ፣ ጎንበስ አለ። ለጭንቅላቱ የተሰነዘረው ቡጢ ስክሪኑ ላይ አረፈ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ ደረቅ ቅጠል የተረገጠ ያህል።

ወንድሜ ቀስ ብሎ ተነሣ። ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲታጠፉ አየሁ። እናቴ መሃላቸው ገባች፤ «ባጠባሁህ ጡቴ ይዤሃለሁ!» አለችው። በሩን በእርግጫ ብሎት ወጣ። በማግስቱ ሰንሰለቱ ምስማሩ ላይ አልነበረም።

ላፕቶፑን ከፈትኩት። ሞቷል ብለን ነበር፤ ግን በራ። በቀኝ ጠርዙ በኩል ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጥቁር ነገር ፈሶበታል። ወንድሜን ከመንገድ ጠርቼ አሳየሁት። ተቀምጦ ጀመረ፤ ወዲያው ተገደለ። የቀረው ጥይት ቁጥር የሚጻፈው በቀኝ ታች ጥግ ነበርና ጥቁሩ ውጦታል።

«ጥይቴን ሳላውቅ በምኔ ልዋጋ?» ብሎ ጠረጴዛውን በጡጫ ደለቀው።

«ሥዕሉን እናጥብበው» አልኩ።

«ሂጂ ወደዚያ፣ ስምንተኛ ክፍል!»

ራሱ ሞከረ። ከጌሙ ውስጥ አነስ ያለ የሥዕል መጠን፣ ሪዞሉሽን የሚሉትን፣ መረጠ፤ ሥዕሉ ሻካራ ሆነ እንጂ አልጠበበም፤ ተለጥጦ ዳር እስከ ዳር ሞላና ጥጉ ተመልሶ ጥቁሩ ውስጥ ገባ። ወንድሜ እየተሳደበ ተነሣ። እኔ ተቀመጥኩ። መዝገበ ቃላቴን አጠገቤ አድርጌ የስክሪኑን ማስተካከያ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብኩ። ከብዙ ቃላት በታች ሥዕሉ «ይለጠጥ» ወይስ «መሃል ላይ ይቀመጥ» የሚል ምርጫ ነበር። የምንፈልገው መጠን ዝርዝሩ ውስጥ ስላልነበረ በእጄ ጻፍኩት፦ አንድ ሺህ ሃያ አራት በሰባት መቶ ስልሳ ስምንት።

ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ገደልሽው!» አለ ወንድሜ፤ ክንዴን እስኪያመኝ ጨመቀው። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ይሞቃል፤ እጁ የአባቴን እጅ ይመስል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ስክሪኑ በራሱ ጊዜ ወደ ድሮው ተመለሰ፤ እሱም እጁን ለቀቀ። ይቅርታ አላለም። ደግሜ፣ «መሃል ላይ ይቀመጥ» የሚለውን መርጬ ሞከርኩ። አሁን መጠኑ ተያዘ፤ ጌሙ ሲከፈት ግን የራሱን ቁጥር እየመለሰ ይጽፍ ነበር። ቁጥሩ የተቀመጠበትን ፋይል ፈልጌ አስተካከልኩና እንዳይነካው ቆለፍኩት።

«ምን አደረግሽው?»

«ለማንበብ ብቻ አልኩት። ማንም አይጽፍበትም።»

«ለማንበብ ብቻ?» ሳቀ። «እንዳንቺ በያ!»

ሥዕሉ መሃል ላይ ተሰበሰበ፤ የጥይቱ ቁጥር ታየ። ማታ ሰንሰለቱ ምስማሩ ላይ ተመልሶ ነበር።

ጥቁሩ ግን አልቆመም። ሳምንታት ባለፉ ቁጥር ወደ መሃል ይገፋል፤ እኔም ሥዕሉን አጠብበዋለሁ። ስምንት መቶ በስድስት መቶ አደረግሁት፤ ከዚያም ያነሰ። ሥዕሉ መሃል ላይ ስለሚቀመጥ ጤነኛው የግራ ጎንም አብሮ ይጨልማል። በግራም በቀኝም የጨለመው መስታወት ደግሞ ከኋላችን ያለውን ያሳይ ነበር፦ አልጋውን፣ መጋረጃውን፣ በሩን። ወንድሜ በአንድ ዓይኑ ጠላቱን፣ በአንድ ዓይኑ በሩን እያየ መጫወት ለመደ። አባቴ ብቅ ሲል ገና ሳይጠራው ማዳመጫውን አውልቆ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ሳያየው የመጣበት ምት የለም። እኔም ይህን እንደ ትልቅ ድል እቆጥረው ነበር።

ዛሬም፣ ቢሮ ውስጥ፣ ስክሪኔ ሲጠቁር መጀመሪያ የምመለከተው ከኋላዬ ማን እንዳለ ነው። አንቺ ስትመጪ ሳልዞር ስምሽን የምጠራው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ቀን ዝናብ ነበር። አመሻሹ ላይ ጣሪያው እየጮኸ፣ ወንድሜ የእጅ መዳፍ በምታህል ሥዕል ላይ አፍንጫውን ሊያስነካ ደርሶ ይጫወት ነበር። ጥቁሩ ሥዕሉ መሃል ያለውን ማነጣጠሪያ ሊነካው ትንሽ ቀርቶታል። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። በጨለመው መስታወት ውስጥ በሩ ተከፈተ። አባቴ ነው፤ ውኃ ይንጠባጠብበታል። አልጠራም። ቆሞ የልጁን ጀርባ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ መጣና፣ በዚያች ትንሽ ብርሃን ውስጥ ምን እንዳለ ሊያይ የፈለገ ይመስል ጎንበስ አለ። እጁ ወደ ወንድሜ ራስ ተዘረጋ።

ወንድሜ ዞሮ መታው።

በሙሉ ኃይሉ ነበር፤ አፉ ላይ። አባቴ ወደ ኋላ ሄዶ ከአልጋው ብረት ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ወንድሜ ደረቱ ላይ ወጥቶ ደገመው፤ ሠለሰው። ብረቱ ይንቋቋል፤ የእናቴ ጩኸት ከዝናቡ በላይ ይሰማል፤ ጎረቤታችን ከአጥሩ ማዶ «ኧረ ገላግሉ! ኧረ የሰው ያለህ!» ትላለች። እኔ ወንድሜን ከወገቡ ጨብጬ ስጎትት፣ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ከውስጡ ተኩስ ይሰማል፤ ትንንሽ፣ የሩቅ ተኩስ።

አባቴ እጁን አልሰነዘረም። ደሙን ወለሉ ላይ ተፋ፤ ከደሙ ጋር ጥርስ ነበር። ልጁን ቀና ብሎ አየው። ወንድሜ እጁን ተመለከተ፤ ተነሣ፤ ወጣ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር፤ ሰንሰለቱን አልወሰደም።

አልተመለሰም። ሞጆ አካባቢ የጭነት መኪና ረዳት ሆነ ሲሉ ሰማን። ለበዓል ለእናቴ ይደውልላታል።

እኔ ነገርን አጣርቼ ካልያዝኩ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ታውቂኛለሽ። ያ የተዘረጋው እጅ ቡጢ አልነበረም፤ መዳፉ ክፍት ነበር፤ ይህን በመስታወቱ በደንብ አይቻለሁ። ነገር ግን አባቴ በክፍት መዳፍም ይመታን ነበር። ከዚህ አልፌ መሄድ አልቻልኩም። እሱንም አልጠየቅሁትም።

ክረምቱ ካለፈ ወዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ከሥራ ቀድሞ ገባ። ከንፈሩ ሽሯል፤ ሲናገር ግን ቃላቱ በጎደለው ጥርስ በኩል ያፏጩ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ያ ዕቃ ይሠራል?» አለኝ። ከፈትኩለት። በወንድሜ በርጩማ ላይ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። እሱ ሰው ይመጣል ብሎ ፊቱን ወደ በር አዙሮ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ሲጠብቅም ሰው እንዲያየው አይፈልግም። ጌሙን አስነሣሁለት፤ የቱን እንደሚጫን አሳየሁት። አልነካውም። ዓይኑን ተከተልኩ፤ የሚያየው ሥዕሉን አልነበረም።

«ብርሃኑ ያስቸግራል» አለ ቆይቶ።

«ልቀንሰው፣ አባባ?»

«አይ፣ አጥፊው። ሲጠፋ በሩ ሙሉውን ይታያል።»

አጠፋሁት። እስኪመሽ ድረስ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሁለታችንም በጨለመው መስታወት ውስጥ በሩን እያየን።