ጠማማው ጆተኒ

ጋሽ ሀብተሥላሴ ለሬሳ ሣጥን እንኳ ውሃ ልክ የሚያስቀምጡ አናጢ ነበሩ። «ሟቹ ይንሸራተታል ብለው ነው?» እያልን እንስቅባቸው ነበር። በ1995 ዓ.ም. ግን ሣጥን መሥራት ሰለቸኝ አሉና ጆተኒ ጀመሩ፤ ያን በብረት ላይ በተሰኩ የእንጨት ሰዎች የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ኳስ።

ሁለት ዓይነት ይሠሩ ነበር። አንዱ ዓመት ሙሉ ጥላ ሥር ከደረቀ ዋንዛ ነው፤ ዋጋው ሁለት ሺህ ብር። ሌላው ከእርጥብ ጣውላ፣ በሺህ ሁለት መቶ። እሱን ሲሸጡ የገዢውን ዓይን አያዩም። ችግሩ የደረቀውን የሚገዛ ጠፋ፤ ሦስቱ ተሠርተው ቦንጋ ሱቃቸው ውስጥ አቧራ ጠጡ። «እስከ መስቀል አንዱ እንኳ ካልተሸጠ ወደ ሬሳ ሣጥኔ እመለሳለሁ» አሉኝ። ጎረቤታቸው ነኝና አሳዘኑኝ።

ርካሹን ሺሺንዳ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ የምትሸጥ ብርቄ የምትባል ሴት ገዝታ ነበር። ክረምት ሲገባ ጆተኒዋ ጠመመ የሚል ወሬ ደረሰን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ጋሽ ሀብተሥላሴ በሀፍረት መላጊያቸውን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ እኔም ነገሩን ለማየት ጓጉቼ ተከተልኳቸው።

ስንደርስ ሰው ጆተኒውን እንደ ገበያ ከቦታል። ኳሷ ሳይመቷት ወደ አንደኛው ጎል ትንከባለላለች።

«እንዳይነኩት!» አለች ብርቄ መላጊያውን ስታይ።

«ጠሟል እኮ!»

«ስለጠመመ እኮ ነው ጋሼ። እኔ ጋ የሚከፍለው የተሸነፈ ነው። ሜዳው ቀጥ ሲል ደካማው ሁለቴ ተሸንፎ ይሄድብኛል። አሁን ግን ማን ተሸነፍኩ ይላል? ‹እንጨቱ ነው› ይልና ቦታ ቀይሮ እንደገና ይገጥማል። ሌላም እንዲህ ያለ ይሥሩልኝ።»

«ቀጥ ያለውን ገዝተሽ ከእግሩ ሥር ድንጋይ ብታደርጊበትስ?» አልኳት፤ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ።

«ድንጋዩን አይተው ሌባ እንዲሉኝ ነው?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ አገጫቸውን ይዘው አንድ ሰዓት ሙሉ ተመለከቱ። የተሸነፈ ሁሉ እንጨቱን ሲረግም፣ ከዚያ ኪሱን ሲዳብስ አዩ። ጎንበስ ብለው ዝንባሌውን በጣታቸው ለኩ። «በሳምንቱ ነይ» አሏትና ማታ ወደ ቦንጋ ተመለስን።

በሳምንቱ ብርቄ ቦንጋ መጣች። እሳቸውም ከሦስቱ የደረቀ ዋንዛ ጆተኒዎች አንዱን ወደ ብርሃን ጎትተው፣ በአንድ ወገን ያሉትን ሁለት እግሮች በመጋዝ ግማሽ ጣት ያህል አሳጠሩ። እኔ ማየት ከበደኝ፤ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

«ስንት ልክፈል?» አለች።

«ሁለት ሺህ አንድ መቶ።»

«ሁለት ሺህ አልነበር እንዴ?»

«መቶው የማጣመሚያ ነው ልጄ» አሉ መጋዙን እያስቀመጡ። «ሳቃናው እንዲህ አልከበደኝም።»