ሁለት ጣቴን አንስቼ የማልኩት

መንዝ ውስጥ፣ ሞላሌ፣ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ ስልኬን ከድንጋይ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያልፈጠፈጥኩት አዝኜለት አይደለም፤ የመመለሻ ትኬቴ በውስጡ ስለነበረ ነው። እስቲ ይታያችሁ፣ ሰው የተናደደበትን ዕቃ እንኳ ሰብሮ እልሁን መወጣት የማይችልበት ዘመን ላይ ደረስን!

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሆላንድ ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አውቶቡስ እነዳለሁ። ከስምንት ዓመት በፊት ዜግነታቸውን ወሰድኩ። የእኛ ሕግ ደግሞ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱ ቀረ ይላል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እያለ ልጁን የሚያሳድግ ሕዝብ ይህን ሕግ እንዴት እንዳወጣ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ለገዛ አገሬ ቪዛ አስመትቼ ስገባ፣ ኤርፖርት ላይ በውጭ አገር ሰዎች ሰልፍ ቆሜ፣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ «እንኳን ደህና መጡ» ስትለኝ አንጀቴ ያርራል። በአማርኛ ስመልስላት ደግሞ እሷ ትደነግጣለች።

ለአባቴ ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። ወረቀት ነው፣ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ተውኩት።

እዚያስ ብትሉ፣ እዚያም ያው ነው። ፖለቲከኞቻቸው ምርጫ በመጣ ቁጥር አንድ ዘፈን አላቸው፤ ሁለት ፓስፖርት ያለው ሰው ልቡም ሁለት ነው ይላሉ። ኧረ እኔ ያለኝ አንድ ነው! የናንተው! ግን ማን ይሰማል? በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ቴሌቪዥኑ ላይ ይህ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ዞር ብሎ እኔን ያያል። አንዱ ባልደረባዬ፣ ክፉ ሰው እንኳ አይደለም፣ «ያንተ አገርና የኛ አገር ቢዋጉ ለማን ትተኩሳለህ?» አለኝ። «ሆላንድና መንዝ የሚዋጉት በየት በኩል ተዋስነው ነው?» አልኩት። ሳቀ፤ ጥያቄውን ግን አልተወውም። ስለ ስደተኛ ሲያወራም «የናንተ ሰዎች» ነው የሚለኝ። ሰዎቼ እነማን እንደሆኑ የሚነግረኝ ሌላ ሰው ነው ማለት ነው።

ፖለቲካቸውን ግን ከብዙዎቹ ይበልጥ እከታተላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «መንግሥት ወደቀ» ሲባል ብሰማ ከሥራ እንደወጣሁ በሩጫ ሱቅ ገብቼ ዱቄትና ዘይት ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ነገም አውቶቡስህን ትነዳለህ፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በማግስቱ አንድ አውቶቡስ እንኳ አልዘገየም። ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ወደቀ! የወደቀውም አብዛኛውን ጊዜ እንደኔ ያለውን ሰው እናስገባ አናስገባ ሲጣሉ ነው። እኔ ግን እንደ ነጠላ የሚዘረጋውን የምርጫ ወረቀታቸውን ዘርግቼ፣ በዚያች በቀይ እርሳሳቸው አንዷን ክብ እየቀባሁ አንድም ምርጫ አላመለጠኝም። ባልደረባዬ «ሁሉም ሌባ ነው» ብሎ ቤቱ ይተኛል። የሚጠረጠረው ግን እኔ ነኝ። ድንቄም!

እንግዲህ ባለፈው ዓመት፣ በጸጥታው ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፈተ በተባለ ሰሞን፣ አባባን ልጠይቅ መጣሁ። ደክመዋል። የተቀበሉኝ በአንድ ሐሳብ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችውን ገብስ ማሳ ለእኔና አብራቸው ለምትኖረው እህቴ እኩል ሊያወርሱን፣ ስማችንን በቁማቸው ሊያስጽፉ። «አረንጓዴው የመሬት ደብተር ላይ ስምህን ሳላይ አልሞትም» አሉኝ። ምን ልበል? የውጭ ዜጋ መሬት እንደማይጻፍለት አውቃለሁ። እህቴም ታውቃለች፤ ለእሷ ነግሬያት ነበር። ከሳጥን ውስጥ የጥንቱን የቀበሌ መታወቂያዬን ፈልጋ አወጣችና «ይቺን አሳያቸው፣ ማን ያውቅብሃል» አለችኝ። ተቀበልኳት። ክፋት ነው ብዬ አላሰብኩም። የአባቴን ልብ ማሳረፍ ነው አልኩ።

ጠዋት ሦስታችንም ወረድን። አባባ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ለሠርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። በመንገዳችን ላይ ዘር ይቆጥሩልኛል፤ ይቺ ማሳ በአባቴ አባት በኩል የመጣች ናት፣ ያቺ ከወንዙ ማዶ ያለችው ደግሞ በእናቴ እናት በኩል ነው ይላሉ። መንዝ እንዲህ ነው። ሰው በአባቱም በእናቱም ይቆጥራል፤ ከሁለቱም ወገን ነኝ ይላል፤ አንዱን ምረጥ የሚለው የለም። እየሰማኋቸው በሆዴ ስንቱን ፖለቲከኛ ሰደብኩ።

ቀበሌ ስንደርስ ሠራተኛው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው። «አባቴ፣ ሲስተም የለም፤ እስኪመጣ ይቀመጡ» አላቸው። ደጅ ድንጋዩ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ተቀመጥን። አባባ «የልጆችህን ፎቶ አሳየኝ እስቲ» ሲሉኝ ስልኩን ሰጠኋቸው። ልጆቼን አዩ፣ መረቁ፣ ስክሪኑን በአውራ ጣታቸው ሲገፉ ግን ስልኩ የራሱን ነገር አመጣ። ይህ የተረገመ ስልክ ማንም ሳያዘው አሮጌ ቪዲዮ እየመዘዘ፣ ሙዚቃ ጨምሮበት «ትዝታዎ» እያለ የሚያቀርበው ነገር አለው። ማን ለምኖት? ማን ትዝታዬን አደራ ሰጠው?

ቪዲዮው እኔ ነኝ። ሱፍ ለብሼ፣ የማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ውስጥ ቆሜ፣ ሁለት ጣቴን ወደ ላይ አንስቼ። ባለቤቴ ናት የቀረጸችው።

«ይሄ አንተ አይደለህም?» አሉ አባባ።

«ነኝ። የሥራ ነገር ነው» አልኩ።

«ጣት አንስቶ ሥራ የለም። ይሄ መሐላ ነው። የምን መሐላ ነው?»

እህቴ አቀረቀረች። አባታቸው ፊት የሚዋሹ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን ጀምሬው አልዘለቀልኝም። ዜግነት መውሰዴን፣ ለዚያ አገርና ለሕጉ ታማኝ እሆናለሁ ብዬ መማሌን ነገርኳቸው።

«በማን ስም?»

«በእግዚአብሔር።»

«ግድ ነው ብለውህ ነው?»

አልነበረም። እግዚአብሔርን ሳይጠሩ «ቃል እገባለሁ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ያን ቀን አብዛኛው ሰው ያለው ያንን ነው። እኔ ግን የአባባ ልጅ ነኝ፤ ያለ እግዚአብሔር ስም የተባለ ቃል ቀልድ መስሎ ታየኝ። ያስማለን ሹም ሰዓቱን እያየ ነበር። ከዚያ ኬክ አበሉን።

«እኔው ነኝ የመረጥኩት» አልኩ።

አባባ ስልኩን መለሱልኝ። ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ለወረቀት ብዬ እኮ ነው! ልጆች ላሳድግ ብዬ! እነሱ ራሳቸው እኮ አላመኑኝም፣ እስከ ዛሬ ይጠረጥሩኛል!»

«እነሱ ባያምኑህ የእነሱ ጉዳይ ነው። የማልከው አንተ ነህ።»

«እርስዎስ በአባትዎም በእናትዎም ይቆጥሩ የለ? ማን አንዱን ይተዉ አለዎት?»

«እኔ በአባቴም በእናቴም ተወለድኩ እንጂ አልማልኩም» አሉ። «ከእኔ መወለድህን የሚፍቅ የለም። ንጉሥም አይፍቀው፣ ሕግም አይፍቀው። መሐላ ግን ሌላ ነው። በሉ ያቺን ከሳጥን ስታወጡ ያየኋትን መታወቂያ ወዲህ በሏት።»

ሰጠኋቸው። አይተውም አላዩዋት፣ በርኖሳቸው ውስጥ ከተቷት።

ወዲያው ሠራተኛው በመስኮት ብቅ ብሎ «አባቴ፣ ሲስተም መጣ!» አለ። እስቲ አሁን ባይመጣ ምን ነበረበት! አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፣ ገቡ፣ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«የሴት ልጄን ስም ጻፍልኝ። እሷን ብቻ።»

ልጁ እኔን አየኝ። «ወንድ ልጅዎስ? ይኸው መጥቶ የለም እንዴ?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አሉት አባባ።

ይህን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ሰው ሲከራከር የሚለው ነገር ነበር የሚመስለኝ። የወለዱት እኔ ሆኜ አጠገባቸው ቆሜ ስሰማው ግን የተፈረደብኝ ፍርድ ሆነ። ሠራተኛው አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። አባባም እንዲፈርሙ ሲጠየቁ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አኖሩ። እህቴ ክንዳቸውን ይዛ አገዘቻቸው።

ከሁለት ያጣ ማለት እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን ያልተናደድኩበት የለም። አንዱን ምረጥ ባለኝ ሕግ፣ መርጬም ባላመነኝ አገር፣ ልቤን በቴሌቪዥን በሚመረምሩት ፖለቲከኞች፣ ማንም ሳይጠይቀው ባሳጣኝ ስልክ። በእህቴም ተናደድኩ፣ ምን አድርጋ? በአባባ ግን መናደድ አቃተኝ፤ ሞክሬ ነበር።

የምሄድ ዕለት አውቶቡሱ ድረስ ሸኙኝ። ጎማውን በዱላቸው መታ መታ አድርገው «ደህና ነው» አሉኝ፤ ሹፌሩ እኔ ሳልሆን እሳቸው ይመስላሉ። ግንባሬን ሳሙኝና፣ መረቁኝ። ልወጣ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ለማልክላቸው ታመን እሺ? ሰዎችህንም ሰላም በልልኝ» አሉ።

ሰዎችህ ያሉት ሆላንዶቹን ነው። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ስኖር፣ ስነዳ፣ ቀረጥ ስከፍል፣ በቀይ እርሳስ ስመርጥ፣ አንድም ሰው እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። መሐላዬን ያመነኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ሲያምኑኝም ስሜን ከደብተራቸው አስቀርተው ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ገብቼ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥኩና እንደ ልጅ አለቀስኩ።